ያልተመረጠው ድርሻ

ባለፈው ሳምንት ያላነበባችሁ አትከፉ፤ ብዙ አልቀረባችሁም። የሺአረግና ሣህሉ አሁንም አልተነጋገሩም። ስድስት ወር ሙሉ ከመተያየት በቀር የሠሩት ነገር የለም። እኔ የምጽፈው እንኳ ታክቶኝ ብዕሬን ልጥል የደረስኩበት ጊዜ አለ።

እሷ የድሬ ሀብታሞች ሰፈር የከዚራ ልጅ ናት። አባቷ አቶ ተሰማ በምድር ባቡር ትልቅ ሹም ናቸው፤ ግቢያቸው የዛፍ ጥላ፣ በራቸው ዘበኛ ያለው። እሱ ከደቻቱ ደረቅ ወንዝ አሸዋ ማዶ፣ መጋላ ውስጥ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል የሚኖር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው። ያገናኛቸው የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናቱ ነው። ቤተ ክርስቲያናቸው በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ አማኞቹ በየቤቱ በትንንሽ ኅብረት ተከፋፍለዋል። የእነሱ ኅብረት ሰባት ሰው ሆኖ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በእትዬ ተሻለች ቤት ይሰበሰባል። እትዬ ተሻለች ልብስ ሰፊ ናቸው። ሰዓቱን የመረጡት እሳቸው ናቸው፤ በዚያ ሙቀት ድሬ በሩን ገርበብ አድርጎ ያርፋል፣ አብዮት ጥበቃዎቹም ጫታቸውን ይዘው ጥላ ፍለጋ ይሄዳሉ። ጸሎቱ ከፍ ሲል እትዬ ተሻለች የስፌት መኪናቸውን ይረግጣሉ፣ መንገደኛም ከመኪናው ድምፅ በቀር ሌላ አይሰማም።

መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ መንገድ ላይ መገኘት ያሳስር ነበር። ስለዚህ እትዬ ተሻለች የኅብረቱን ትልቅ መጽሐፍ ቅዱስ፣ እያለቀሱና ጌታን ይቅርታ እየጠየቁ፣ ስፌቱን በመርፌ ፈትተው ለሰባት ከፈሉት። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ድርሻ ደረሰው። አንዱ ጥናት ሲያልቅ ቀጥሎ የሚጠናው ይመረጣል፤ የተመረጠው ክፍል ያለበት ሰው ድርሻውን በየሳምንቱ ልብሱ ውስጥ ደብቆ ይዞት ይመጣል። እንግዲህ መመረጥ ማለት መታመን ነው። የሚመርጠው ደግሞ የጥናቱ መሪ ሣህሉ ነው።

የየሺአረግ ድርሻ ከኢያሱ እስከ ሩት ያለው ነው። አንድም ቀን ተመርጦ አያውቅም።

በዚህ ሐሙስ ግን የሺአረግ የመጣችው ለጥናቱ ብቻ አልነበረም። እሑድ እቤቷ ሽማግሌ ይመጣል። የአባቷ ወዳጅ ልጅ የሆነው ዘገዬ፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ፣ ሊያገባት ጠይቋል። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ጥፋቱ ሣህሉ አለመሆኑ ብቻ ነው። አባቷ፣ «እንቢ የምትዪ ከሆነ ምክንያትሽን ንገሪኝ» ብለዋታል። ምክንያቷ ደግሞ እስካሁን አንድ ቃል አልተነፈሰም። ታዲያ ምን አደረገች? በራሷ ድርሻ ውስጥ ጌዴዎን ምልክት ሲጠይቅ አንብባለችና እሷም ጠየቀች። «ዛሬ የኔን ድርሻ ከመረጠ ይወደኛል ማለት ነው፤ አባባን እንቢ እላለሁ። ካልመረጠ ግን በቃ።» ይህን ለማንም አልነገረችም። ለሣህሉም ጭምር። ደግሞ እንደሚመረጥ እርግጠኛ ስለነበረች ድርሻዋን በመቀነቷ ሆዷ ላይ አስራ፣ ማንም ሳያዛት አሸዋውን ተሻግራ መጣች።

«እንግዲህ የያዕቆብን መልእክት ጨርሰናል» አለ ሣህሉ። «ቀጥሎ ምን እናጥና?»

«ራእይ» አሉ ጋሽ ወልደጻድቅ። ጡረተኛ ናቸው፤ ሁልጊዜም ራእይ ነው የሚሉት።

«ኧረ ጋሼ፣ ራእይንስ እየኖርንበት አይደል» አሉ እትዬ ተሻለች። ሁሉም አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ሳቁ።

የሺአረግ አልሳቀችም። «ሩትን ብናጠናስ?» አለች። «አጭር ናት። የራሷን ሰዎች ትታ ስለሄደች ሴት ነው።»

ሣህሉ ቀና ብሎ አያት። ያ አስተያየት ረጅም ነበር፤ እትዬ ተሻለች እንኳ ክራቸውን ፈልገው ያገኙ ይመስል ወደ መሬት አቀረቀሩ። የሺአረግ በዚያች ቅጽበት ሁሉን ነገር በዐይኑ ውስጥ አነበበች፤ ደረቷም በደስታ ሞላ።

«ጥሩ ሐሳብ ነው፣ እኅት የሺአረግ» አለ ዐይኑን ከሷ ላይ አንሥቶ። «ለአሁኑ ግን ፊልጵስዩስ ይሻለናል።»

ፊልጵስዩስ በራሱ በሣህሉ ድርሻ ውስጥ ነው።

«ለምን?» አለች።

በዚያ ክፍል ውስጥ ለምን የሚል ሰው አልነበረም። ሣህሉ ተደናገጠ። «ከእስር ቤት የተጻፈ ነው። ለጊዜው ያጽናናናል ብዬ ነው።»

«ሩትስ መከራ አላየችም?»

«አይታለች» አለ ቀስ ብሎ። «ሌላ ጊዜ፣ እኅቴ።»

እትዬ ተሻለች መኪናቸውን ረገጡ። ሁሉም ለጸሎት አቀርቅረው ሳለ የሺአረግ ብቻ ዐይኗን ከፍታ ቀረች። የተጠየቀው ምልክት መጥቷል። ሆዷ ላይ የታሰረው ወረቀት ከበዳት፣ ማልቀስም አማራት።

*

ከኅብረቱ የሚወጡት አንድ በአንድ ነው። በር ላይ የእትዬ ተሻለች ጎረቤት ቀመሪያ የምትሸጠውን ጨርቅ ዘርግታ ትቀመጣለች። ቀመሪያ ሙስሊም ናት፤ ውስጥ ምን እንደሚባል አትጠይቅም፤ ነገር ግን ጥበቃ ብቅ ካለ «ሃሊሞ! ነይ ወዲህ!» ብላ ትጮኻለች። ሃሊሞ የምትባል ልጅ የላትም።

ሣህሉ እንደ ልማዱ ከየሺአረግ ጥቂት ራቅ ብሎ እስከ አሸዋው ዳር ተከተላት። ከዚያ አያልፍም። ሁልጊዜም ሳትዞር ትሻገር ነበር። ዛሬ ግን እዚያ ካለው የወንዝ ግንብ ጥግ ቆማ ጠበቀችው።

«ዛሬም አልመረጥከውም።»

«እኅቴ፣ እዚህ ቆመን ባንነጋገር።» ዐይኑ ከማዶ ጥላ ሥር የነበሩት ጥበቃዎች ላይ ነው። ከእንቅልፋቸው ነቅተው ልብሳቸውን ያራግፋሉ።

«የከዚራ ልጅ ስለሆንኩ ነው? የአቶ ተሰማ ልጅ አደራ አትጠብቅም ብለህ ነው?»

«እንደሱ አይደለም።»

«እና እንዴት ነው? ንገረኛ!»

ሣህሉ ዐይኑን ወደ ጥበቃዎቹ መለሰ። የሺአረግ ወደ ግንቡ ዞር ብላ መቀነቷን ፈታችና በጨርቅ የተጠቀለለውን ድርሻ አውጥታ እጁ ላይ አኖረችለት። «ያውልህ። ለምታምነው ሰው ስጠው።»

የሣህሉ ፊት ዐመድ መሰለ። «ይዘሽው ነው የተሻገርሽው? በእነሱ ፊት?»

«አዎ።»

«ማን አዘዘሽ!» ሲል ጮኸባት። ጮኾባት አያውቅም። ሰው ሲፈራ የሚጮኸውና ሲቆጣ የሚጮኸው ድምፅ ይመሳሰላል። እሷ የሰማችው ቁጣውን ብቻ ነው፤ ፍርሃቱን እኔ ነኝ የምነግራችሁ።

ወረቀቱን ሸሚዙ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ሣህሉ እያመነታ፣ «የእሑዱን ሰምቻለሁ» አለ።

«ከማን?»

«ቀመሪያ ለእናትሽ ጨርቅ ትሸጥ የለ። እና ይኼንንም የመለስሽልኝ…» ድርሻዋን የመለሰችው አግብታ ኅብረቱን ልትተው ስለሆነ መሰለው። ሁለቱም በአንድ ጊዜ እንዲህ ሲሳሳቱ ማየት ያሳዝናል። «ደኅና ሰው ነው ይላሉ። ቤት ንብረት አለው። እናትሽም ደስ ይላታል።»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩህ። አንተ የምትለው የለህም?»

አፉን ከፈተ። አንባቢዎቼ፣ እዚያ ብሆን ኖሮ ከኋላው ገፋ አደርገው ነበር። ያቺን ጠባብ ክፍሉን አሰበ፣ የአባቷን ግቢ አሰበ፣ ነገ ሊታሰር እንደሚችል አሰበ። አፉን መልሶ ዘጋው።

«እግዚአብሔር ይባርክሽ፣ እኅቴ» አለ።

እኅቴ! የሺአረግ ነጠላዋን እስከ ዐይኗ ስባ አሸዋው ላይ ወረደች። አልዞረችም። እንዳይታወቅባት ድምፅ ሳታሰማ እያለቀሰች ሄደች፤ በሕይወቷ እንደዚያ ቀን የተጣለች መስሎ ተሰምቷት አያውቅም።

*

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። አቶ ተሰማ ልጃቸውን ወደ ጓዳ ጠርተው፣ «ምን ልበላቸው?» አሏት።

«እሺ ይበሏቸው፣ አባባ።»

«ምክንያት የሚሆን ነገር የለም?»

«ምንም የለም» አለች። እናቷ እልል አሉ፤ ሠርጉም ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። የሺአረግ ያን ቀን አላለቀሰችም። በድን ሆና እንግዳ አስተናገደች፣ ሲመርቋት አሜን አለች። ልቧ ግን ሐሙስ አሸዋው ላይ ቀርቷል።

ሰኞ ረፋድ ላይ ቀመሪያ የጨርቅ ጥቅልል ተሸክማ በጓሮ በር ገባች። ዘበኛው የሠርግ ጨርቅ መስሎት አሳለፋት።

«አቦ አንቺ ልጅ፣ ጨርቁን ተዪው» አለች ቀመሪያ እየተነፈሰች። «ሣህሉን ያዙት።»

«መቼ?»

«ሐሙስ ነዋ! እዛው አሸዋው ዳር። አንቺ ገና ሳትሻገሪ።»

የሺአረግ የበሩን እጀታ ጨበጠች። «ለምን ቶሎ አልሄደም? እዚያ ምን ያደርጋል?»

«አንቺ እስክትሻገሪ ነዋ የሚቆመው! በየሐሙሱ እኔ አየው የለ? ከዛ ማዶ ዛፉ ጋ እስክትገቢ ድረስ አይንቀሳቀስም፣ ወላሂ። ያንን ቀን በኛ በኩል ያለው ጥበቃ መጣና፣ ‹ምን ቆመህ ታያለህ?› አለው። ፈተሸው። ወረቀቱን አገኘ። ‹የማን ነው?› አለ። ‹የኔ ነው› አለ። በጥፊ መታው። ‹የኔ ነው።› በሰደፍ መታው። ‹የኔ ነው።› ሌላ ቃል ከአፉ አልወጣም።»

«የኔ ነበር» አለች የሺአረግ። «ቀመሪያ፣ የኔ ነበር። እኔ ነኝ የሰጠሁት።»

«አውቃለሁ። ተሻለች ናት የላከችኝ። ‹ለምን እንዳልመረጣት ንገሪያት፣ ሳታውቅ እንዳታገባ› ብላኝ።» ቀመሪያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሌሎቹ ሁላቸውም ቤታቸው በኛ በኩል ነው። አሸዋውን የምትሻገሪ አንቺ ብቻ ነሽ። አሁን ደግሞ ሴት የምትፈትሽ ሴት አምጥተዋል። ያንቺን ከመረጠ በየሳምንቱ በሷ እጅ ልታልፊ ነው። ሐሙስ ስትመጪ እንቅልፍ ላይ ነበሩ፣ አላህ አወጣሽ። ስትመለሺ ግን ነቅተው የለ?»

«ለምን አልነገረኝም?»

«‹ብነግራት እልኸኛ ናት፣ ይዛ ትመጣለች› ይላት ነበር ተሻለችን።»

«ታዲያ ድርሻውን መጀመሪያ ለምን ሰጡኝ?»

«የአባትሽን ቤት ደፍሮ የሚፈትሽ ማን አለ? እዚህ ሲቀመጥ ደኅና ነው። መንገድ ላይ ነው የሚገድለው።»

የሺአረግ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ስድስት ወር ሙሉ ናቀኝ ያለችው ሰው ስድስት ወር ሙሉ ሲጠብቃት ኖሯል። በየምርጫው ሲዘላት፣ እሷ ስትቀየመው፣ እሱ ግን ለእሷ ሲል የራሱን ድርሻ እያነሣ ይሸከም ነበር። እልኋ ደግሞ አሳሰረው። ቀመሪያ ጨርቋን ጣል አድርጋ ጭንቅላቷን ወደ ደረቷ ሳበቻት። «አልቅሺ» አለቻት። «አልቅሺ እንጂ፣ ማን ይከለክልሻል?»

*

ማክሰኞ ምሳ ዕቃ ይዛ እስር ቤቱ በር ላይ ከተሰለፉት ጋር ቆመች። ተራዋ ሲደርስ በዕድሜ ጠና ያለ ጠባቂ፣ «ለማን ነው?» አላት።

«ለሣህሉ።»

«ለጴንጤው? ምኑ ነሽ?»

የሺአረግ ያንን ቃል እሱ ሲላት ለመስማት ስድስት ወር ጠብቃለች። እሑድ ለሌላ ሰው ቃል ሰጥታለች። «እጮኛው ነኝ» አለች።

ጠባቂው ገብቶ ቆየ። ሲመለስ ሣህሉን ከሽቦው አጥር ወዲያ አቆመው። ከንፈሩ አብጧል፤ በአንድ እግሩ ያነክሳል። የሺአረግ አንድ እርምጃ ወደ ሽቦው ቀረበች።

«ይቺን ሴት ታውቃታለህ?» አለው ጠባቂው።

ሣህሉ አያት። በእትዬ ተሻለች ክፍል ውስጥ ሲያያት የነበረው ያ ዐይን ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለቅጽበት፣ ሙሉ በሙሉ አያት። ከዚያ ዐይኑን እንደ መስኮት ዘጋው።

«አላውቃትም።»

«እጮኛዬ ነው ነው የምትለው።»

«እጮኛ የለኝም» አለ። «ተሳስታ ነው። ስሟንም አትጻፉ፣ ሌላ ሰው ፈልጋ ይሆናል። ወደ ቤቷ ትሂድ።» ‹ወደ ቤቷ ትሂድ› ሲል ድምፁ ለሰለሰ። ሐሙስ ለት ሊነግራት ያልቻለው ሁሉ በዚያች ድምፅ ውስጥ ነበር። ፊቱን አዙሮ እያነከሰ ሄደ።

«ሣህሉ!» አለች። አልዞረም። አሸዋው ላይ እሷም አልዞረችለትም ነበር።

ጠባቂው ምሳ ዕቃውን መለሰላት። «ዘመድ ካልሆንሽ ስንቅ አይገባም» አለ፤ ከዚያ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ «ልጄ፣ ስምሽን አልጻፍኩትም። ዳግመኛ እዚህ እንዳላይሽ» አላት።

ምሳ ዕቃው እንደመጣ ነው፤ ገና ትኩስ ነበር። ዛሬም አልመረጣትም። ለምን እንደሆነ ግን አሁን ታውቃለች፤ ማወቁ ደግሞ ካለማወቁ ይበልጥ አሳመማት። ያንን ትኩስ ዕቃ ደረቷ ላይ ይዛ፣ ሰው እያያት፣ በመንገድ ላይ እየተንሰቀሰቀች ሄደች።

ማታ ሳትል፣ ነገ ሳትል፣ በዚያው ቀን አባቷ ለምሳ ሲገቡ በር ላይ ጠበቀቻቸው። «አባባ፣ ምክንያትሽን ንገሪኝ ብለውኝ ነበር። የለም ያልኩት ውሸት ነው። አለ። ሐሙስ ለት ታስሯል።» ሁሉንም ነገረቻቸው።

አቶ ተሰማ አልጮኹም። ባርኔጣቸውን አውልቀው መልሰው ደፉት። «ሽማግሌ ፊት የሰጠሁትን ቃል አሳጠፍሽኝ» አሉ። «ከእንግዲህ እዚያ መጋላ ከረገጥሽ፣ ይህን በር አትመለሺበትም።» ድምፃቸው ተሰብሮ ስለነበር ቁጣ ቢሆን ይሻላት ነበር።

*

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ የአባቷ በር ከኋላዋ እንደሚዘጋ እያወቀች፣ ባዶ እጇን አሸዋውን ተሻገረች። ፈታሿ ሴት ከራስ እስከ እግሯ ዳበሰቻት። ምንም አልነበረባትም።

እትዬ ተሻለች ገና ከበር አቅፈው ተቀበሏት። «ጠዋት ወደ ሐረር ወስደውታል» አሏት። «መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም።» የሺአረግ ራሷን ነቀነቀች። እንባዋ ያለቀ መስሏት ነበር።

ስድስት ሰው ሆነው ተቀመጡ። የሣህሉ ቦታ ላይ ማንም አልተቀመጠም። ፊልጵስዩስን የሚያመጣ የለም፤ የሣህሉ ክፍል ታሽጓል።

«ልጆቼ፣ ለጊዜው ብናቆምስ?» አሉ እትዬ ተሻለች። «ምን እናጠናለን? መራጩም የለም።»

ጋሽ ወልደጻድቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሁሉም ራእይ ሊሉ ነው ብለው ጠበቁ። «የልጅቱ ድርሻ ይሁን» አሉ። «ሩት።»

«ወረቀቱ እኮ ተወስዷል፣ ጋሼ።»

«እሷ አለች አይደል።»

ሁሉም ወደ የሺአረግ ዞሩ። እውነታቸውን ነበር። ሐሙስ በመጣ ቁጥር፣ ዛሬ ይመረጥ ይሆናል እያለች፣ ያንን ታሪክ ደጋግማ አንብባ በቃሏ ይዛው ነበር። አንድ ቀን በእሱ ፊት ልታነብበው።

ነጠላዋን አስተካከለችና ጀመረች። ስለ ረሀቡ ተናገረች፤ ስለ ስደቱ፣ በባዕድ አገር ስለሞቱት ወንዶች፣ ባዶ እጃቸውን መንገድ ላይ ስለቀሩት ሴቶች። ድምፅዋ ጠርቶ ይሰማ ነበር። አማቲቱ ቆማ፣ ወደ ቤትሽ ተመለሺ ስትላት፣ ያቺ ልጅ የመለሰችው መልስ ላይ ደረሰች።

እዚያ ላይ ቆመች። ቃሉን ታውቀዋለች። ልጅቱ ወዴት እንደምትሄድ፣ ከማን እንደማትለይ፣ የት እንደምትቀበር፣ ሁሉንም ታውቀዋለች። ልትለው አፏን ከፈተች፣ እሱ ግን ሐረር ነበር፤ ሊሰማት አይችልም። እንደገና ሞከረች። ያቃታት ያቺ አንዲት መልስ ብቻ ነበረች።

ሲቃዋ ፈንድቶ ወጣ። እትዬ ተሻለች ተነሥተው ወደ መኪናቸው ሄዱና በኃይል ይረግጡት ጀመር። ክር አልነበረበትም፣ ጨርቅም አልነበረበትም። ለቅሶዋ መንገድ ድረስ እንዳይሰማ፣ እስክትጨርስ ድረስ ሲረግጡ ቆዩ።